ለቡላ የተንበረከክሁ ቀን

ልጅ ሳለሁ የሚያስሮጠኝ ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ወደ ቡላ፣ ሲመሽ ደግሞ ወደ አባባ አንጁሎ። ቡላ ፍየሌ ነበረች። እናቷ ወልዳት ስለሞተች በጡጦ ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከበጉም ከፍየሉም ይልቅ ራሷን ከሰው ነበር የምትቆጥረው። አባባ አንጁሎ የአባቴ አጎት ናቸው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ ወርደው፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን ከግቢያችን ጓሮ ባለች ክፍል ሸማ ሲሠሩ ይውሉና ሲመሽ ተረት ይነግሩናል።

ደርግ ከወደቀ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። መብራት ከመምጣቱ መጥፋቱ ስለሚበዛ ኩራዝ እናበራለን፣ ፍሙ ላይ በቆሎ እንጠብሳለን፤ ጭሱ ዓይኔን ቢለበልበኝም ቦታዬን አልለቅም፣ ከለቀቅሁ ወንድሜ ይቀመጥበታላ። ቡላ ራሷን ጭኔ ላይ ጥላ ታመሰኳለች። ተረቱ ሲጋጋል ግን ማመስኳቷን ታቆማለች። ታዳምጣለች ብዬ እምል ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ እምላለሁ። አባባ አንጁሎ አማርኛን የተማሩት ካረጁ በኋላ ስለሆነ ጅቡን «መጣች»፣ ጦጣዋን «ሄደ» ይላሉ፤ እኛም ያኔ ተረት የሚነገረው እንደዚያ ይመስለን ነበር።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቡላ የጎረቤታችንን የእትዬ ብርቄን የሽፈራው ችግኝ፣ እኛ ሃለኮ የምንለውን፣ አንድ ሳታስቀር ጨርሳዋለች። እትዬ ብርቄ በየቆርቆሮው አፍልተው፣ አጥራቸውን ሊያስከብቡት ዝናብ ሲጠብቁ የከረሙበት ነው። አንገቷን እንዳያማት ብዬ ገመዱን አላልቼ ያሰርሁት እኔ ነበርሁ። እትዬ ብርቄ አልጮኹም። ባዶ ቆርቆሮዎቹን በራችን ላይ ደርድረው ሄዱ፤ ይሄ ከጩኸት ይብሳል። አባቴ ሲገባ አያቸውና «ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች» አለ።

ያን ምሽት አባባ አንጁሎ የነገሩን የሁለት መንደሮችን ጠብ ነው። ጎረምሶቹ ጦር ሰብቀው ሲገናኙ አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ነጭተው መሀላቸው ይንበረከካሉ።

«እርጥብ ሳር የያዘ ሰው ፊትህ ከተንበረከከ ጦርህ ይወርዳል» አሉ፣ የፍሙን አመድ በእንጨት እየገለጡ። «እምቢ ካልክ ጠብህ ከሰውየው ጋር አይደለም፣ ከመሬቱ ጋር ነው።»

«ልጅ ብትንበረከክስ?» አልኋቸው።

«መሬቱ ዕድሜ አይጠይቅም።»

በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከቦዩ ዳር ሳር ነጨሁ። ባለጉዳይዋ ራሷ መቅረብ አለባት ብዬ ቡላን በገመድ እየሳብሁ እትዬ ብርቄ ደጅ ሄጄ ተንበረከክሁ። እትዬ ብርቄ መጥረጊያ እንደያዙ ብቅ አሉ። እሳቸውም የጋሞ ልጅ ናቸው፤ ሳሩን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። መጥረጊያውን አስቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ትልቅ ሰው ለእኔ ብሎ ነጠላ ሲያስተካክል አይቼ አላውቅም። ተረቱ ይሠራል!

አፌን ልከፍት ስል ቡላ አንገቷን አሰገገችና ሳሩን ከእጄ ላይ ትግጠው ጀመር። ብጎትት፣ ብገፋት፣ ወይ ፍንክች። ጨረሰችው። ባዶ እጄን ዘርግቼ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ፤ በቃ አለቀላት፣ ቅዳሜ መሄዷ ነው አልሁ።

እትዬ ብርቄ መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀጥሎ የመጣው ሳቅ አባባ አንጁሎን ከሸማ መሥሪያ ጉድጓዳቸው አወጣቸው።

«ጋሼ አንጁሎ፣ ይቺን ጉድ ይዩልኝ። ችግኙ አልበቃ ብሏት ዕርቁንም በላችው።»

አባባ አንጁሎ አልሳቁም። «ልጁ ተንበርክኳል ወይ?» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

«ተንበርክካለች።»

«ሳሩን አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያ አልቋል። ከዚያ በኋላ ማን እንደበላው መሬቱ አይጠይቅም።»

እትዬ ብርቄ አንስተው ጉልበቴን አራገፉልኝ። ራሳቸው አባቴ ዘንድ ሄደው «ፍየሏ አትሸጥም፤ ልጅቷ ግን ሌላ ችግኝ ታፈላልኛለች» አሉት። አባቴ ወደ አጎቱ አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ «እርስዎ ካሉማ» አላቸው እትዬ ብርቄን።

ያን ቀን የሮጥሁትን ሩጫ ዳግመኛ አልሮጥሁም። ቡላን ከገመዱ ፈትቼ በቦዩ ዳር ወደ ማንጎው ለቀቅኋት፤ እየዘለለች፣ ወደ ጎን እየተወረወረች፣ እየቆመች ወደ ኋላ እያየችኝ፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ እየጮህሁ። ልጅ ከእንስሳው ጋር ሲደሰት ቃል አይፈልግም፣ እግር ብቻ ይበቃዋል።

ቡላ ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖራ፣ ወልዳ ከብዳ አረጀች። አባባ አንጁሎም አልፈዋል። እኔ ግን እስከዚያች ጠዋት ድረስ ተረት ማታ ተጀምሮ ማታ የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ለልጆቼ ስተርት ትንሿ ሁልጊዜ ታቋርጠኛለች፤ «እማዬ፣ እውነት ነው ግን?» ትለኛለች። እውነት ነውም፣ ውሸት ነውም አልላትም።

«ሞክሪው» እላታለሁ።