የእርሳሱ መስመር

የአንዲት መንገደኛ ቀሚስ በእንጨት ጠራቢው በር ሚስማር ሲያዝ፣ ሽማግሌው ሥራቸውን ጥለው ወጡ። «እህቴ፣ ምን አለ ቀስ ብትዪ!» እያሉ ቢነጫነጩም፣ ጨርቁን ሳይቀዱ አላቀቁላትና ሚስማሩን ነቀሉት።

እኔ ለመጽሐፍ መደርደሪያዬ በር ያዘዝኩትን ጌጥ ልጠይቅ ነበር የመጣሁት። ጣውላው ላይ ሐረግ በእርሳስ ተስሏል። ሽማግሌው ወደ ሥራቸው ተመልሰው በቅጠሎቹ መካከል ይበሱና ቀጭኗን የመጋዝ ምላጭ በቀዳዳው ያሾልካሉ። ትንንሾቹን ክፍተቶች ያስቀድማሉ፤ ትልልቆቹ ከቀደሙ ጣውላው አቅም ያጣል። እንዲህ ያለ እጅ ስላሳየኝ አምላኬን በልቤ አመሰገንኩ።

«ፍጠን ይሉኛል!» አሉ ተማረው። «ምላጩ በሚጣለው እንጨት በኩል ነው የሚሄደው። መስመሩን ከበላው ቅጠሉ አለቀለት! ግን ሁሉም ችኩል፣ ሁሉም አዋቂ!»

ሴት ልጃቸው ከጓዳ፣ «አባዬ፣ ዓይንህ ደክሟል፤ ይብቃህ፣ ሱቁን እንዝጋው» አለች።

«ተይኝ እባክሽ! አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው የምቆርጠው።»

ከዚያ ምላጩን አቁመው የቆረጡትን ዳር በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ወንድሜ፣ እስቲ እይልኝ፤ የእርሳሱ መስመር ቅጠሉ ላይ ቀርቷል? ለእሷ ግን እንዳትነግርብኝ» አሉኝ።