የተቀነሱት አሥራ ዘጠኝ ማርኮች

ብዙነህ የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጠና እርማቱን እንደገና ከላይ ጀመረ። ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ ከመቶ ሰማንያ አንድ። ወረቀቱን አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ማዶ ለተቀመጠችው ልጅ ውጤቱን ለእናቷ ብቻ እንደሚነግር አስታወቃት። ልጅቱ ትከሻዋን ሰበቀች።

ሹ ዪን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ለምርምር ሲመጣ ከቼንግዱ ወደ ሲያትል የመጣችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ብዙነህ ግማሹ ያመልጠዋል። የሱ ግማሽ ደግሞ ያመልጣታል። ነገር ግን የአባቷ ምርምር አልቆ ሲመለሱ፣ ሰኔ ላይ አገሯ የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና ይጠብቃታል። ፈተናው መናገር ትችያለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም። ባዶ ቦታውን ሙዪ፣ ዓረፍተ ነገሩን ለውጪ፣ ምንባቡን አንብበሽ ምረጪ ነው የሚላት። ኅዳር ላይ እናቷ የልምምድ መጽሐፍ አስመጥታ ስትፈትናት ከመቶ አርባ አራት አገኘች።

እናትየው፣ ወይዘሮ ፋንግ፣ ሲያትል ዳር ቱክዊላ ባለ መጋዘን ውስጥ ከብዙነህ ጎን ካርቶን ታሽጋለች። ወልድያ ሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ማስተማሩን በምሳ ሰዓት ሰምታ ስለነበር መጽሐፉን ይዛለት መጣች። ብዙነህ ገለጠው። ቻይንኛው አልገባውም። ጥያቄዎቹ ግን ራሱ በስቴንስል ሲያባዛቸው የኖረው ዓይነት ናቸው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ወዲህ እዚህ አገር የሚያውቀው ነገር ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ኮሎምቢያ ሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገናኙ ጀመር። ብዙነህ ግራ የተጋባውም ያኔ ነው። ሳንድዊች በቅጡ ማዘዝ የማይችለው እሱ ጥያቄውን በሙሉ ይመልሳል፤ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የምትስቀውና የምትጣላው ልጅ ትስታለች። እንግሊዝኛ የሚያውቀው ማንኛቸው እንደሆነ ለመወሰን ተቸገረ።

አንድ ቀን በምንባብ ተከራከሩ። ልጅ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ይገባሉ፤ ልጁ ብድግ ይላል። ለምን ተነሣ? ሹ ዪን «መውረጃው ስለደረሰ» የሚለውን መረጠች።

«ለሽማግሌው ቦታ ሊለቅ ነው እንጂ» አላት።

«የት ተጽፎ ነው? ያሳዩኝ።»

ብዙነህ ፈለገ። ሁለት ጊዜ አነበበ። የትም አልተጻፈም። የመልሱ ገጽ ግን ከሱ ጋር ይስማማል። መጽሐፉ ትክክል ነው፣ ልጅቱም አልተሳሳተች። እንዲህ ያለ ምንባብ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስተምር ይህን የጠየቀው ተማሪ አልነበረም።

«ዝም ብለሽ ጻፊው» አላት። ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ማርኳ ወደ ላይ ወጣ።

ሰማንያ አንድ ያገኘችው በጥር ነው። ሰኞ መጋዘን ሲገባ ወይዘሮ ፋንግ ስንት አመጣች ብላ ጠየቀችው።

«ስልሳ ሁለት» አለ ብዙነህ።

ወልድያ ሳለ ዋናው ፈተና ሳያልፍ ለወላጅ እውነተኛውን ማርክ ተናግሮ አያውቅም። የተመሰገነ ልጅ ይዘናጋል። ሌሎቹም መምህራን እንዲሁ ነበሩ፤ ወላጅም ያውቃል። ስልሳ ሲባል በሆዱ ሰማንያ ብሎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወይዘሮ ፋንግ ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ካላማረ ልጅቱን ቀደም ብላ ቼንግዱ አክስቷ ዘንድ ልካ እንደምታስጠናት ነግራዋለች። ብዙነህ ይህንም ያውቀዋል። እሱ አገር ወላጅ ሁሉ «ገጠር እልክሃለሁ» ይላል፤ የላከ ግን የለም።

ረቡዕ ዕለት ወይዘሮ ፋንግ የአውሮፕላን ትኬት አሳየችው። ለየካቲት ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ።

ማታ እራት ላይ ነገሩን ለእህቱ ልጅ ለሄዋን ነገራት። የሚኖረው እሷ ዘንድ ነው።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ሰማንያ አንድ አምጥታ ለምን ስልሳ ሁለት አልክ?»

«እንዳትዘናጋ ነዋ።»

«ይቺ ሴትዮ የወልድያ ሰው መሰለችህ? ኮል አድርግላትና እውነቱን ንገራት።»

ብዙነህ የስልክ እንግሊዝኛውን አያምነውም። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ኖርዝጌት አጠገብ ያለው አፓርታማቸው ሄደ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ሰማንያ አንድ መሆኑን ተናገረ። ሹ ዪን ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ለምን እንደዚያ አደረጉ?» አለችው።

«ልጅ ከተመሰገነ ይዘናጋል።»

«እኔ አልተመሰገንኩም፤ ተባረርኩ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ልጨርስ የቀረኝ አራት ወር ነው። የማጠናውም ለዚህ ነበር።»

ወይዘሮ ፋንግ መጽሐፉን አምጥታ የመልሱን ገጽ ገለጠችና በጣቷ እየተከተለች ፊደሎቹን አንድ በአንድ አመሳከረች። ዓረፍተ ነገሮቹን ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል አስተያየች። ሩብ ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻ ቀና አለች።

«ሰማንያ አንድ ነው» አለች።

ብዙነህ ተነፈሰ።

«ቲቸር፣ እኔ እንግሊዝኛ ብዙ አላውቅም፤ አስተማሪ ግን አውቃለሁ። አስተማሪ በከንቱ ማርክ አይቀንስም። የሆነ ነገር አይተውባት ነው። ምንድን ነው ያዩት?»

ምንም አላየሁም ሊል አፉን ከፈተ። ያኔ የአውቶቡሱ ልጅ ትዝ አለው። ሹ ዪን ያንን መልስ የጻፈችው ጻፊ ስለተባለች እንጂ አምናበት አይደለም። እሱ አጠገቧ ሳይኖር፣ አዲስ ምንባብ፣ አዲስ ሽማግሌ ቢመጣባት ምን ትመርጣለች? ሰማንያ አንዱ የሷ ነው ወይስ የሱ? ምናልባት ስልሳ ሁለቱን ከአፉ ያወጣው ልማድ ብቻ አልነበረም። ወይም ልማድ ብቻ ነበር። አሁን ራሱም አላወቀውም። ይህን ሁሉ የሚሸከም እንግሊዝኛ ደግሞ አልነበረውም።

ሹ ዪን ፊቱን ታያለች።

«ይንገሯት» አለችው። «ምንም አላየሁም ይበሏት።»

ብዙነህ ወረቀቱን አየ። ቃል ሲመርጥ ጊዜው አለፈ።

ወይዘሮ ፋንግ እንደተመለሰላት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች፤ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለትና በሁለት እጇ ይዛ ሻይ አቀረበችለት። ልጅቱ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሹ ዪን የካቲት አሥራ ሦስት ቀን ብቻዋን ወደ ቼንግዱ በረረች። በሰኔው ፈተና እንግሊዝኛ ከመቶ ዘጠና ስድስት አገኘች።