ከክፈፉ ጀርባ የሰፈረው ንብ

አናጢው ሰጠኝ ሥራ ላይ ያልማል። መሰላል ላይ ቆሞ፣ መዶሻውን እንዳንጠለጠለ በሐሳብ ጭልጥ ሲል የሚያዩት የአራዳ ሰፈር ሰዎች «ሰጠኝ እስኪነቃ ምስጡ ቤቱን ይጨርሰዋል» እያሉ ይተርቡታል። ይበሉት! ከትውልድ አገሩ ከዳባት ወደዚህ ከወረደ ወዲህ እሱ ያላደሰው የጣሪያ ክፈፍ የለም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል እትዬ የትነበርሽ አስጠሩት። የቤታቸው ክፈፍ፣ የጣሪያው ጠርዝ ሳንቃ፣ በስብሶ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ክረምቱ ሳይገባ ካልተቀየረ ውኃው የሚወርደው ባለቤታቸው አያ ሐብተ ማርያም ታመው በተኙበት አልጋ ላይ ነው።

«የማዕዘኑን ሳንቃ ግን እንዳትነካ» አሉት። ከጀርባው ንብ ሰፍሯል።

«ምነው እትዬ? የባሰበት እኮ እሱ ነው።»

«ንብ ቤት ሲገባ ሲሳይ ነው። እሳቸውም ድምፁን እየሰሙ ነው የሚውሉት። ንቡ የወጣ ቀን ነፍሳቸው አብራ የምትወጣ ይመስለኛል።»

ሰጠኝ እሺ አለ። ሌላውን ሁሉ በጽድ ሳንቃ ቀየረና ማዕዘኑን ዛሬ ነገ እያለ አቆየው። እውነቱን ለመናገር ድምፁ እሱንም ይዞታል። ጆሮውን ሳንቃው ላይ ጣል ሲያደርግ አራዳ ከነባጃጇ ትርቅና የልጅነቱ የባቄላ ማሳ ከነአበባው ይዘረጋለታል፤ ምሳውን እንኳ ይረሳል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቀሐ ወንዝ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ሰጠኝ ማዕዘኑን ላስቲክ ሊያለብስ ወጣ። ገና አንድ ምስማር ሲመታ ሳንቃው ከነማሩ ዘጭ አለ። ንቡ ፊቱን ነዳድፎት፣ ግቢውን ዞሮ ዞሮ በጎረቤት ጣሪያ ላይ አልፎ ሄደ።

ቤቱ ጭር አለ። እትዬ የትነበርሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሩ ላይ ቀሩ። «አንተ ግባና እያቸው፤ እኔ አልችልም።»

ሰጠኝ ያበጠ ፊቱን ይዞ እየፈራ ገባ። አያ ሐብተ ማርያም ዓይናቸውን ከድነው ነበር፤ ጎንበስ ሲል ገለጡት።

«ሄደ?»

«ሄደ፣ አያ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ተመስገን! እንቅልፍ የነሳኝ እሱ አይደል!»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እሷ ሲሳይ ነው ብላ ደስ ሲላት፣ ምን ብዬ?»

እትዬ የትነበርሽ ከበሩ ሰሙት። እሳቸው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ንብ ይፈራሉ፤ ለባላቸው ሲሉ ነበር የቻሉት። ገብተው የባላቸውን እጅ ያዙ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየላቸውም።

ሰጠኝ አዲሱን ሳንቃ ይዞ መሰላሉ ላይ ወጣ። ቦታው ላይ አስጠግቶ ምስማሩን ሊመታ ሲል ከውስጥ ማንኮራፋት ተሰማ። መዶሻውን ኪሱ ከተተ፤ ዝናቡ እየወረደበት፣ አዛውንቱ እስኪነቁ ሳንቃውን በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ።