ብቻዋን የምትሄድ ሞገድ

ፍኖተ ሰላም ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የሸተተኝ ኑግ ነው። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር፤ እስረኛው ከእህሉ ሲበዛ ለእኛ ተለቀቀ። ከቡሬ ያመጣኝ ወታደር ደብተሬን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ መርማሪው ወሰደው፤ እኔን ወደ ውስጥ ገፋኝ።

የታሰርኩት በዚያ ደብተር ነው። የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ሶሊተን የሰማሁት ነገር ከልቤ አልወጣ ብሎ፣ ከክፍል መልስ ስሌቱን እየሞከርኩ ደብተሩን ሞላሁት። ሶሊተን ብቻዋን የምትሄድ ሞገድ ናት። ሌላው ሞገድ እየሄደ ይበተናል፤ እሷን ግን የሚበትናትና የሚሰበስባት ነገር እኩል ስለሆነ ቅርጿን እንደያዘች ትጓዛለች። በኳንተም ፊዚክስ፣ በዓይን በማይታዩት ቅንጣቶች ዓለም ሳይቀር አለች። እኩልታዋ የሚጻፈው በግሪክ ፊደል ነው። ቤቴን የፈተሹት ሰዎች ፊደሉን ሲያዩ የምስጢር ጽሑፍ አገኘን አሉ።

መርማሪው ቁጡ አልነበረም።

«እያንዳንዱ ፊደል የአንድ ሰው ስም ነው። የማን እንደሆነ ከጎኑ ጻፍና ፈርም» አለኝ።

«ሰው አይደሉም፤ ሞገድ ናቸው።»

«እስከ ዓርብ አስብበት።»

ስም ልጻፍ ብል ከተማሪዎቼ ስም ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም። ከእኔ በፊት አልጽፍም ያሉ ሁለት እስረኞች ደግሞ ተጠርተው ሄደው አልተመለሱም፤ የተኙበት ጥግ ባዶ ነበር። ፈራሁ። መቀመጥ አቃተኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስድስት እርምጃ ነው፤ ስሄድ ስመለስ ዋልኩ።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ወለሉን ፈጀኸው» አሉ አንድ ሽማግሌ።

በጅጋ በኩል የውሃ አባት ነበሩ፤ በበጋ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያካፍሉ። የታሰሩት የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ያለ ተራህ አላጠጣህም ብለው ነው። ስለ ሞገዷ ነገርኳቸው። ይገባቸዋል ብዬ አይደለም፤ አፌም እንደ እግሬ አላርፍ ብሎኝ ነው።

«ይችንማ አውቃታለሁ» አሉ።

«እንዴት አድርገው፣ አባቴ?»

«የቦዩን አፍ የደፈንሁበትን አፈር ባንዴ ስንደው፣ አንዲት ጉብ ያለች ውሃ ትነሣለች። ሳትበተን ትወርዳለች። ኸታች ያለው ሰው እሷን ሲያይ ተራው እንደ ደረሰ ያውቃል። እኔም አብሬያት ነው የምሄድ፣ ኸመንገድ የሚጠልፋት እንዳይኖር። ቦዩ ደረቅ ኸሆነ ግን አይሆንም፤ ቀድሞ ጥቂት ውሃ ሊተኛበት ይገባል።»

ደብተር ሙሉ የለፋሁበትን በእግራቸው ሲከተሉት ኖረዋል። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን።

«አባት፣» አላቸው መርማሪው፣ «ይህ ሰው ስለ ፊደሎቹ ሲያወራ ሰምተዋል። የሰው ስም ናቸው ካሉ ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ። ጊዜው የመስኖ ነው።»

ይላሉ ብዬ ነበር። ቢሉም አልፈርድባቸውም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ያወራነው ስለ ውሃ ነው። ያ ደብተር ላይ ያለው በኔ ቦይ የሚወርደው ነው። ካላመንኸኝ ልጄ፣ ውሰደኝና ልክፈትልህ።»

መርማሪው ፊደሎቹ የተዘረዘሩበትን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው። ብዕሩን አነሣሁና ከመጀመሪያው ፊደል ጎን «የውሃው ከፍታ» ብዬ ጻፍኩ። ለኳንተሙ ልክ አይደለም፤ ለቦዩ ግን ልክ ነው። ከሥሩ ፈረምኩ።

እኔ አራት ዓመት ታሰርኩ። እሳቸውን የለቀቋቸው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። ከተፈታሁ ወዲያ ጅጋ ብወርድ በሕይወት አልነበሩም፤ ውሃውን ልጃቸው ተረክቦታል።

«በዚያ ዓመት የኛ ማሳ ደርቆ ቀረ» አለኝ። «አባቴ ለምን እንደ ቆየ ግን ነግሮን አያውቅም።»

ነገርኩት። ሄዶ የቦዩን አፍ ከፈተ፤ ጉብ ያለችዋ ውሃ ተነሣች፤ እስከ መጨረሻው ማሳ አብሬያት ሄድኩ።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ አሁንም አይሆንልኝም። ቡሬ ላይ ስዞር የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼን አገኛቸዋለሁ፤ የልጅ ልጅ ይዘው ይቆሙና ሰላም ይሉኛል። ስማቸው ሊጻፍ በነበረበት ቦታ የውሃ ከፍታ እንደ ተጻፈ አያውቁም።