አርባው ሳይወጣ የሠርግ ዘፈን

አባቴ ዛሪማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ሲሞት እኔ ዳባት ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም። እህቶቼ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ እኔ አፈር የሚመልሱትን ሰዎች እያየሁ ቆምኩ። ሰው ሁሉ "ጠንካራ ነው" አለ። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ያ ጥንካሬ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም።

ከሣልስቱ በኋላ ሊማሊሞን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። በነጋታው ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት ስልኬን አነሣሁና የሠርግ ዘፈን ከፈትኩ። ድምፁንም ከፍ አደረግሁት። የስልኬ ሚሞሪ ላይ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ያስጫንኩት እንጉርጉሮም፣ መዝሙርም፣ ዋሽንትም ሞልቷል። እነሱን ስሞክር ትንፋሽ ያጥረኛል። የሠርጉን ስከፍት ግን እህል ይወርድልኛል፤ ልብሴን ለብሼ በግ ልከትብ ገጠር እወጣለሁ።

በአራተኛው ቀን ባለቤቴ አላስቻላትም።

"ምን ነካህ? አርባው እንኳ ሳይወጣ? ጎረቤት ምን ይለናል?"

"እኔ እንጃ።"

"ደስ ብሎሃል እንዴ?"

"የለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ስዘጋው መብላት ያቅተኛል" አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። እኔም ራሴን አላመንኩትም። አባቴን አልወደውም ነበር ይሆን? ይህን እያሰብኩ ዘፈኑን ዘጋሁት። ምሳዬን ሳልነካ ዋልኩ፤ ወደ ማታ መልሼ ከፈትኩት።

እሑድ የንስሐ አባታችን መጡ። ጎረቤት ነግሯቸው ይሁን ባለቤቴ ጠርታቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

"ልጄ፣ ሐዘን ቤት ዘፈን ይሰማል አሉኝ።"

"እውነት ነው፣ አባ።"

"ጠጥተህ ነው?"

"አልጠጣሁም።"

ተቆጥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና "ብዙ ሐዘንተኛ አይቻለሁ፤ ያንተ ዓይነቱን ግን አላውቀውም" አሉ። "ብቻ ጎረቤትህን አታሰናክል። ለአባትህም ነፍስ ጸልይ።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ያላወቁትን እኔ ከየት ላውቀው?

ጎረቤት እንዳይሰማ ብዬ ኤርፎን ገዛሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው "እግዜር ያጥናህ" ሲለኝ አንዱ ጆሮዬ ውስጥ ከበሮ ይመታል። ጎንበስ ብዬ "አሜን" እላለሁ። የሰው ነገር የሰረቅሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አጠገቤ ተቀመጠችና የኤርፎኑን አንዱን ጫፍ ከጆሮዬ ነቅላ የራሷ ጆሮ ውስጥ ሰካችው። ጥቂት እንደሰማች እንባዋ ወረደ።

"አባትህ በሠርጋችን ቀን ጋቢያቸው እስኪወድቅ ሲጨፍሩ ትዝ አይልህም?"

አይለኝም። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የጠበበኝን ጫማ ነው። ለካ ለዚህ ነው ዘፈኑን የምፈልገው ብዬ ልቀበላት ፈለግሁ። ግን ስሰማው አባቴ አንድ ቀን እንኳ በሐሳቤ መጥቶ አያውቅም። እሷ ታለቅሳለች፤ እኔ በዚያው ዘፈን ደህና እሆናለሁ። የማን ሐዘን ትክክል እንደሆነ ጠፋኝ።

አርባው ወጣ፤ ክረምቱም ገባ። ኤርፎኑ መቼ እንደተበላሸ አላስታውስም፤ ሌላ አልገዛሁም። ምግቡም ያለ ዘፈን ይወርድልኝ ጀመር።

መስከረም ላይ ከደባርቅ ወዲህ ባለ ቀበሌ በግ ስከትብ አንድ ሽማግሌ ሙክታቸውን በጉልበታቸው ጠርቀም አድርገው ያዙልኝ። መርፌውን አስገብቼ ሳወጣ ማልቀስ ጀመርኩ። ቀና ማለት አቃተኝ።

"መርፌው ወጋህ እንዴ፣ ልጄ?" አሉኝ ሽማግሌው ደንግጠው።

"አዎ፣ ትንሽ" አልኳቸው። እጄን እንዲያዩት ሲጠይቁኝ ኪሴ ከተትኩት። የቀሩትን በጎች ግን ጨርሼ ከተብኩ።

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት።

"የትኛውን ዘፈን እየሰማህ ነበር?"

"ምንም። በግ ብቻ ነበር የሚጮኸው።"

ትክ ብላ አየችኝ። ልትጠይቀኝ ያሰበችው ነገር እንዳለ ገብቶኛል፤ ግን ተወችውና እራት አቀረበች። በላሁ። ያን ዕለት ምን እንደነካኝ ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም።