አርባ ግራ እጅጌ

በስፌት ቤቱ ቆራጯ ይሏታል። ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ አይደለም፤ ቆራጥም ነበረች። አንድ ሰው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ካየችው ትከሻውንም፣ ወገቡንም፣ የክንዱንም ርዝመት በቃሏ ትይዘዋለች፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ለወጉ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የለካችውን ደንበኛ መንገድ ላይ አግኝታ «ወፍረሃል አይደል? ሁለት ሴንቲ ልልቀቅልህ» ብላ በሰው ፊት ያሳፈረች ሴት ናት። ልኬት በወረቀት የሚጽፍ ሰፊ ስታይ ደግሞ አትምርም። «ጸሐፊነት ነበር የሚሻልህ» ትለዋለች።

ታናሽ እህቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ታናሽ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ጫማ ማሰር ያስተማረቻት፣ መርፌ ያስያዘቻት፣ በኋላም እጇን ይዛ አምጥታ እዚሁ ስፌት ቤት መኪና ላይ ያስቀመጠቻት ቆራጯ ነች። ራሷ ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ ዕድሜዋ ሄደ። ታናሽ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ የራሷ ቤት አላት፤ «እትዬ» ስትል ግን ድምጿ አሁንም የልጅ ነው።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ጉንፋን ይሉታል እንጂ ምኑ ጉንፋን ነው! ሦስት ሳምንት ሙሉ ትንፋሽ አሳጥቶ አልጋ ላይ ጣላት። ደግነቱ ዳነች፤ ሳሉም ለቀቃት። «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ተባለችና ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

መጀመሪያ የጠፋት ቃል ነው። አንድ ጠዋት «እስቲ ያንን... ያንን የእጅ ቤት አቀብይኝ» አለች። እጅጌ ማለቷ ነበር። ስፌት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሷም አብራ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቀጥሎ ልኬት መጥፋት ጀመረ። ደንበኛ ለክታ ዞር ስትል ቁጥሩ የለም። ቀትር ሳይደርስ ጭንቅላቷ እንደ ተነከረ ጨርቅ ይከብዳታል።

ሐኪሙ እውነቱን አልደበቃትም። «ቫይረሱ ከሳንባሽ ወጥቷል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ማስታወስንና ማሰብን የሚያውክ ጣጣ ትቶ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ እየቀለለ ይመጣል፤ መቼ ብትዪኝ ግን አላውቅም» አላት። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። ወገቡን ደረት አድርጋ ስትቆርጥ ታናሽ አየቻት። አንዴ የተበላሸ ኮሌታ ደግማ ቆርጣ አቃናችላት፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ጥፋቱን ወደ ራሷ ወሰደች። እትዬ ከዚህ ጠረጴዛ ከተነሳች ምን ይቀራታል? ባዶ ቤት ነው የሚጠብቃት።

ቀጥሎ የመጣው ጥፋት ግን የሚቃና አልነበረም። ሃያ የሐኪም ቤት ጋዋን ታዞ ነበር። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊት ለፊት እየተገጠመ ይነጠፋል፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ሆኖ የሚወጣው እንዲያ ሲሆን ነው። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ቆራጯ አንድ ጠዋት አርባውንም ንብርብር ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አነጠፈችና ቆረጠችው። አርባ እጅጌ ወጣ፤ አርባውም ግራ። ያ ዓይነት ጨርቅ ደግሞ ተሟጦ አልቋል።

«እኛም ግራ ገባን!» ብሎ አንዱ ቀለደ። የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰውዬ፣ ሲገባ የሳቀው ሁሉ አቀረቀረ።

«ማነው ያነጠፈው?»

ቆራጯ ጭንቅላቷን ብትበረብረው ያ ጠዋት የለም። ጭራሽ የለም። ታናሽ ከመኪናዋ ተነሳች።

«እኔ ነኝ ጋሼ። እትዬ እንዲቀላት ብዬ አነጠፍኩላት።»

ይህን ስትሰማ ቆራጯ ልቧ መለስ አለላት፤ እውነት መሰላት። እፎይታዋ ደግሞ ቁጣ ሆኖ ወጣ። «ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማሽም? ሃያ ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው? አንቺ ልጅ አዋረድሽኝ እኮ!» አለቻት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ታናሽ መሬት መሬት እያየች ሰማቻት።

ጋሼ ታናሽን ለብቻዋ ጠራት። «ሦስተኛሽ ነው ልጄ። እስከ ቅዳሜ ሥሪ፤ ከዚያ በኋላ አልችልም።» እሷም አልተከራከረችም። «እትዬ ብቻ እንዳትሰማ፤ ገና አልጠናችም» ብላ ለመነችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቁልፍ የምትተክለው አሮጊት ቆራጯን ወደ መስኮቱ ሳብ አደረገቻት። «ዓይኔ ደከመ እንጂ አልታወርኩም። ያን ጨርቅ ያነጠፍሽው አንቺው ነሽ። እህትሽ ያን ቀን ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትገባ አንቺ ቆርጠሽ ጨርሰሻል።»

 ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠቻት! ቆራጯ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችና አለቀሰች፤ ለራሷ ሳይሆን ያ አቀርቅሮ የሰማት አንገት አንጀቷን ስለበላት ነው። ፊቷን ታጥባ ወጣች። ለጋሼ እነግረዋለሁ አለች፤ ከጠረጴዛው ቢያስነሳኝም ያስነሳኝ። ልጻፈው ይሆን ብላም አሰበች። ወዲያው ተናደደች። ይህን ደግሞ ማን ይረሳል!

በኮሪደሩ «እኔ ነኝ ያነጠፍኩት፣ እኔ ነኝ ያነጠፍኩት» እያለች ሄደች።

ጋሼ ስልክ ላይ ነበር፤ በእጁ ተቀመጪ አላት። ስልኩን ዘግቶ «ጥሩ ሰዓት መጣሽ» አለና ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋላት። የትኛው ይሸበሸባል? ለሱሪስ የትኛው ይሻላል? ሲታጠብ ገብቶ አያጥርም? ከታመመች ወዲህ እንዲህ አማክሯት አያውቅም። ጨርቁን በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ ወደ ብርሃን ይዛ አየችና መለሰችለት፤ አንድም አልሳተችም። ደስ አላት።

«ባለሙያ ማለት አንቺ ነሽ» አላት። «አንቺስ ምን ፈልገሽ ነበር?»

አፏን ከፈተች። ምንም የለም። ትልቅ ነገር እንደነበረ ታውቃለች፤ ደረቷ ላይ ክብደቱ አለ፣ ነገሩ ግን የለም። ጋሼ ይጠብቃል።

«ጠመኔ» አለች በመጨረሻ። «ጠመኔ አልቆብኛል።»

ከመሳቢያው አንድ ፓኬት አውጥቶ ሰጣት፤ አመስግናው ወጣች።

ስትመለስ ታናሽ መኪናዋን ዘይት ቀብታ፣ የወንበሯን ትራስ ፈትታ፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ቆራጯን ስታይ ዓይኗን ጠረግ አደረገች።

«ምን ነካሽ ዛሬ? ገና ሰዓቱ ሳይደርስ!»

«ትንሽ ቀደም ብዬ ልሂድ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«በይ ሂጂ። ሰኞ ግን እንዳታረፍጂ፤ እኔ ያመጣሁሽ ነሽ፣ አታሰድቢኝ።»

«እሺ እትዬ» አለች ታናሽ። ጉንጯን ሳመቻትና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።