ብልጭ የማይል መብራት

የገናው መብራት ሳይገጣጠም በካርቶን መጣና የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች እርስ በርስ ተያየን። ከአዲስ አበባ ያስመጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ ያለቀለት መስሏቸው ነበር። ሲከፈት የሽቦ ጥቅል፣ ሽንብራ የሚያካክሉ ብዙ አምፖሎች፣ አንድ አዳፕተርና አንዲት ነጭ ሳጥን ወጣ። ሳጥኗ ላይ ቁልፍ አለች። መብራቱን ብልጭ ድርግም የምታደርገው እሷ ናት አሉ።

«ለእኔ ስጡኝ፣ ቤት ወስጄ እሠራዋለሁ» አልኩ።

ሳቁ። የመዘምራኑ መሪ፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው ነው፣ «እህቴ፣ ደግሞ መቼ ኤሌክትሪሻን ሆንሽ?» አለኝ።

«ልብስ እሰፋ የለም እንዴ፣ መምህር? ይሄም ያው ክር ነው።»

ደግመው ሳቁ፤ ካርቶኑን ግን ሰጡኝ። ለሳጥኗ ብዬ እንደወሰድኩት ለማንም አልተናገርኩም።

ትልቋ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። መጀመሪያ የወደቀችው ቤት ውስጥ፣ ቦሎቄ ስትለቅም ነው። ከቤተሰብ በቀር ያየ የለም። ኦቶና ሆስፒታል ወስጃት መድኃኒት ተጀመረላት። ነርሷ ብዙ ነገር አስረዳችኝ። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ፣ እንቅልፍ እንዳይጎድላት አለች። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አንዳንዱ ሰው ላይ በሽታውን ይቀሰቅሳል፣ የእሷን ግን አናውቅም አለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ሁሉ ይዤ ቤቴ የገባሁት መብራቱን ነው። እንቅልፍን በምን እይዘዋለሁ? መብራት ግን ይነቀላል።

በዚያ ገና ደግሞ አንዱን የመዝሙር ክፍል ለብቻዋ እንድትዘምር ለልጄ ተሰጥቷት ነበር። በሰው ሁሉ ፊት፣ እዚያው መብራት ሥር። ሰው ካየ በኋላ የሚሆነውን አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ዲምቱ ሳለን አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ እሷ በጠጣችበት ጣሳ ሌላ ሰው ሲጠጣ አላየሁም። ልጄ እንደ እሷ እንዳትሆን ነበር ጭንቀቴ ሁሉ።

ሥራውን ያስተማረችኝ ልጄ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል አይታ ገባት። አምፖሏ ሁለት እግር አላት፤ ረጅሙ ፕላስ፣ አጭሩ ማይነስ። ሦስት ሦስቱ በአንድ መስመር ይያዛሉ፤ በየሦስቱ መሐል ሬዚስተር የሚሏት ትንሽ ነገር ትገባለች። ሽቦ የሚያጣብቀውን ስታኞ የሚያቀልጠውን ብረት ከሞባይል ጠጋኙ ጎረቤታችን ተውሰን፣ ጠረጴዛው ላይ ጆንያ አነጠፍን።

ከእኔ መስመር መጀመሪያ የበራ የለም።

«አዬ» አለችኝ፤ እኛ እናትን እንደዚያ ነው የምንጠራው። «አዬ፣ ረጅሙን ከረጅሙ ጋር ገጠምሽው እኮ። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ረጅም ከረጅም ቢጋባ ምን አለበት?»

«አይበራም፤ አለቀ። እንደ አንቺና እንደ አባዬ ረጅም ከአጭር ነው የሚጋባው።» እሷ ረጅም ናት፣ በአባቷ ወጥታ፤ እኔ አጭር ነኝ። ሁለታችንም በሳቅ እጃችንን ከብረቱ አነሳን።

ቀስ በቀስ ለመድኩት። ሦስቱ አብረው ከጠፉ፣ ጥፋቱ ከሦስቱ በአንዷ ነው። ወይ ተገልብጣ ገብታለች፣ ወይ ስታኞው አልያዛትም። በጠፍጣፋ ባትሪ አንድ በአንድ እየነካሁ አገኛታለሁ። ሳገኛት ደስ ይለኝ ነበር፤ የታመመችውን ነቅዬ ጤነኛዋን እተካለሁ።

የምፈራው የጠፋውን አልነበረም። አንዳንዱ ይበራና ሽቦው ሲነካ ይርገበገባል። ስታኞው ከላይ ይዞ ከውስጥ ሳይይዝ ሲቀር ነው። እንደዚያ ያለ ሳገኝ ልጄን «እስቲ ውሃ አምጪልኝ» ብዬ ከቤት አስወጣታለሁ። ያልተርገበገበውንም ጭምር እየጎተትኩ፣ እየጠመዘዝኩ ሞከርኩ። ጥሩ የነበረውን ሁሉ እንደገና አቀለጥኩ።

ሳጥኗን ትቼ አዳፕተሩን ከሽቦው ጋር አገናኘሁና በናስትሮ ጠቀለልኩት። ልጄ ቆማ ታያለች።

«ሳጥኗስ?»

«ትሞቃለች። እሳት እንዳታስነሳ።»

«አልሞቀችም። ነካኋት።» ሳጥኗን አንስታ መዳፏ ላይ አደረገች። «ለእኔ ብለሽ ነው?»

ናስትሮውን በጥርሴ ቆረጥኩ። ሳጥኗን ከእጇ ወስጄ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኳት።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ መብራቱ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ እስከ መድረኩ ተሰቀለ። ሲበራ ዝም ብሎ በራ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። መምህሩ ወገቡን ይዞ ቀና ብሎ አየው።

«አይጫወትም እንዴ? ብልጭ ድርግም ካላለ ገና ምኑን ገና ሆነ? የሆቴል በረንዳ አስመሰልሽው እኮ።»

«ሳጥኗ ተበላሽታ ነው የመጣችው፣ መምህር።»

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆሜ ዋሸሁ። ይቅር በለኝ ብዬ በልቤ ጸለይኩ፤ ቀጥዬም መብራቱ እንዳይርገበገብ ጸለይኩ።

የገና ዕለት ሰው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ግቢውን ሞላው። ፀሐይዋ ገና አልዘቀዘቀችም። ዝማሬው ሲመሽ ነው፤ መብራቱም ያኔ ነው የሚበራው። መዘምራኑ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከዛፉ ሥር መሰለፍ ጀምረዋል። እኔ በመድረኩ ጀርባ ተንበርክኬ ሽቦውን እመረምራለሁ። ስፒናው ከሶኬቱ ተነቅሎ እጄ ላይ ነበር።

«ክብሪት! ክብሪት የያዘ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ማን እንደወደቀ ለመጠየቅ አልቆምኩም። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል። ስደርስ ልጄ መሬት ላይ ናት፤ ሰልፉ ከእሷ ርቆ ክብ ሠርቷል። አንዲት ሴት የተጫረ ክብሪት ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እጇን ገፋሁት። ነርሷ እንዳሳየችኝ በጎኗ አስተኛኋትና ነጠላዬን ከራሷ ሥር አደረግሁ።

«አትያዟት» አልኩ። ማንም አልያዛትም ነበር። አንዲት እናት ልጇን ወደ ኋላዋ ስትስብ አየሁ። አልተቀየምኳትም፤ ልጅ አላት።

የቀረበኝ መምህሩ ብቻ ነው። ኮቱን አውልቆ የረጠበውን ቀሚሷን ሸፈነላት። ከዚያ ቀና ብሎ በዛፉ ላይ ያለውን መብራት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለዚህ ነበር?» አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

በባጃጅ ይዣት ስገባ ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ነበር። ቤት አስተኝቻት እግሯን ሳጥብ ዐይኗን ከፈተች።

«አዬ፣ መብራቱ በርቶ ነበር?»

አዎ ልላት ፈለግሁ። አዎ ብላት ለሁለታችንም ይሻለን ነበር።

«አልበራም ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምኑ ነው የጣለኝ?»

«እንጃ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሲመሽ ከቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ ማጉያ ዝማሬው ተሰማ። የእሷ ክፍል ሲደርስ ሌላ ልጅ ዘመረችው። ልጄ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሿን ይዛ አደመጠች፤ ለነገሩ እኔም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር እጠረጥራለሁ። ነፋስ ሲመጣ በእንሰቱ ቅጠል መሐል የሚያልፈው ፀሐይ ቤት ውስጥ ሲርገበገብ መስኮቱን እዘጋለሁ። ትንሽ ካመሸች እቆጣለሁ። ኦቶና ተመልሰን ሄድን፤ መድኃኒቱን ትንሽ ጨመሩላት። «በዚህ እናየዋለን» አሉን።

ቀሚሷን ራሷ አጠበችው፣ ራሷም ተኮሰችው።

«ለምን ትንሽ አትቆዪም? ሰው ይርሳው» አልኳት።

«መቼ ነው የሚረሳው?»

እሑድ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች፤ ተከተልኳት። መዘምራኑ ሲሰለፉ ቦታዋ ገብታ ቆመች። ሌሎቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ ከእሷ ግራና ቀኝ ግን አንድ አንድ ሰው የሚያስቆም ክፍተት አለ። መምህሩ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። በጥቂቱ ጠጋ አሉ፤ ክፍተቱ ግን አልሞላም። እሷ ወደ ጎን አላየችም። እጆቿን አጣምራ ዘመረች።

እኔ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ወደ እሷ ስሮጥ እንዳያደናቅፈኝ ጫማዬን አውልቄ ከወንበሩ ሥር አድርጌዋለሁ።